ከአባይ ወዲህና ወዲያ፦ ስለ ሐውልት የተጨቃጨቀ ቤት



የ2013 ዓ.ም. ዒድ አል-ፊጥር ካለፈ በኋላ፣ በግንቦት ወር አጋማሽ፣ ለዘመድ ጥየቃ ወደ ጎጃም ተጉዘን ነበር። ወቅቱ ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሊካሄድ የሳምንታት ዕድሜ ብቻ የቀረበት ስለነበር ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ባሉት ከተሞች ሁሉ ግድግዳው፣ የመብራት ምሰሶውና የሻይ ቤቱ በር በዕጩዎች ፎቶግራፍ ተሸፍኖ አየን። በመኪናችን ውስጥ የነበረው ወሬም ከምርጫ አልወጣም። የሚገርመው ግን ተሳፋሪው ሲከራከር የነበረው ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ወይም ስለ ሥራ አጥነት አልነበረም። ክርክሩ ስለ ሐውልት ነበር። የትኛው ሊቆም ይገባል? የትኛው ሊነሣ ይገባል? ማንስ ነው የሚወስነው?

ይህን ክርክር በመንገድ ትተነው የምንሄድ መስሎን ነበር። ነገር ግን ቀድሞን ደብረ ኤልያስ ገብቶ ጠበቀን።

በመንገድ

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወረድ የአባይ በረሃ ሙቀት ፊትን ይጋረፋል። በ2001 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ ተዘርግቷል። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ዳገቱን ስንያያዘው አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ማሳው እየሰፋ ሄደ። ገበሬው በሬውን ጠምዶ የመጀመሪያውን እርሻ ይዟል።

ደብረ ማርቆስ የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻቸው ያደረጓት ይህች ከተማ ዛሬም በስማቸው የሚጠራ አደባባይ አላት። እኒህ ንጉሥ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ እጅ የጎጃም ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑ፣ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ጦራቸውን ይዘው ዓድዋ የዘመቱ ናቸው። ይሁንና በእነዚህ በሁለቱ ዓመታት መካከል፣ በ1874 ዓ.ም.፣ ከአባይ ማዶ በእምባቦ ሜዳ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ተዋግተው ተሸንፈዋል፤ ቆስለውም ተማርከዋል። በእምባቦ ጠላት የነበሩት ሁለቱ ነገሥታት ከ14 ዓመት በኋላ በዓድዋ ወገን ሆነው ተሰለፉ። አንባቢያን ይህን ነገር እንዲያስታውሱልን እንፈልጋለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የምትገኝ አነስተኛ የደጋ ከተማ ናት። ወረዳዋ እስከ አባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከአባይ ማዶ ያለው የኦሮሚያ ምድር ነው። ሕዝቧ በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ክርስትና ተከታይ ነው። ከተማዋ በቅኔ ትምህርቷ ስመ ጥር ናት። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ይህች ደብር ነበረች። ለምድ የለበሱ የቆሎ ተማሪዎች ከበር በር ሲዞሩ ያየን እኛም ነን። ከመካከላቸው አንዱ ያረፍንበት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ድምፁን ሲያሰማ የቤቱ እመቤት እንጀራ አውጥተው ሰጡት። ቤቱ የእስላም ቤት መሆኑን ልጁ ያውቃል። ሴትዮዋም የሚሰጡት ለማን እንደሆነ ያውቃሉ። ሁለቱም ነገሩን እንደ ልዩ ነገር አልቆጠሩትም።

ያረፍንበት ቤት

አስተናጋጃችን ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሰው ሁሉ «ሐጂ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ እኛም እንዲሁ እንበላቸው። በዚህ አገር እስላም ጥቂት ነው። ጥቂት ቢሆንም ሥሩ የቆየ ነው። የሐጂ አያቶች ከባሶ ገበያ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ጭነው አባይን በመሻገር ጉዱሩ ውስጥ ካለው አሰንዳቦ ገበያ ይደርሱ የነበሩ ነጋዴዎች ናቸው። ሲመለሱ ቡና ይጭናሉ። «አባይ ለእኛ ድንበር ሆኖ አያውቅም፤ መንገድ ነበር» አሉን ሐጂ።

የቤቱ የበኩር ልጅ በወጣትነቱ ወደ ምሥራቅ ሄዶ፣ ስሟን በማንጠቅሳት አንዲት የሐረርጌ ከተማ ሱቅ ከፍቶ ለዓመታት ነግዷል። እዚያው አገር የኦሮሞ እስላም ልጅ አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ግን ሱቁ ተቃጠለ። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አባቱ ቤት ገባ። እኛ ስንደርስ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሚስቲቱ እናቷን አላየችም።

በሰኔ 2012 የሆነውን አንባቢ ያስታውሳል። አምስተኛው ምክር ቤት የሥራ ዘመኑን የሚጨርስበት፣ ምርጫውም ለነሐሴ 23 ቀን የተቆረጠበት ዓመት ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫ ቦርድ በመጋቢት ወር ምርጫውን በተያዘለት ቀን ማካሄድ እንደማይችል አስታወቀ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን የመንግሥትን የሥልጣን ዘመን አራዘመ። ጉዳዩ በፓርቲዎች መካከል ብርቱ ጠብ አስነሣ። አገሩ በዚህ ዓይነት እንደ ገመድ ተወጥሮ ሳለ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን ማታ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ሃጫሉ ከመሞቱ ቀደም ብሎ በቴሌቪዥን በሰጠው ቃለ ምልልስ በአዲስ አበባ ስላለው የአፄ ምኒልክ ሐውልት ተናግሮ ስለነበር የሐዘኑና የቁጣው ወላፈን ወደ ሐውልቶች ዞረ። በማግስቱ ሐረር ከተማ ላይ በአፈወርቅ ተክሌ የተሠራው የራስ መኮንን የፈረስ ላይ ሐውልት ተገርስሶ ወደቀ። በዚያው ቀን በሩቅ አገር፣ ለንደን ዊምብልደን ውስጥ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የድንጋይ ምስል ተሰበረ። የወደቀው ግን ድንጋይና ነሐስ ብቻ አልነበረም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ኋላ ባወጣው የምርመራ ሪፖርት በእነዚያ ጥቂት ቀናት በኦሮሚያ ቢያንስ 123 ሰዎች መገደላቸውን አስታውቋል። ከሞቱት መካከል በጥቃት የተገደሉ አሉ፤ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት የወደቁም አሉ።

የእራት ላይ ክርክር

ከዒሻ ሶላት በኋላ እራት ቀርቦ ሳለ፣ ከእኛ አንዱ በመኪና የሰማነውን ክርክር አነሣ። ባናነሣው ይሻል ነበር። የቤቱ ልጅ የጎረሰውን ሳይውጥ ተናገረ። «የአባቴ አያት ዓድዋ ዘምተዋል። ለዓድዋ የዘመተን ሰው ሐውልት መጣል የእኛን ደም መጣል ነው። እኔ እስላም ነኝ፣ ሱቄ ላይ የመጣው ሰው ግን ሃይማኖቴን አልጠየቀኝም። የመጣሁበትን አገር ነው የጠየቀኝ» አለ።

ሚስቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ቡናውን እየቀዳች ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ሱቁን ያቃጠሉትን እኔም አልወድም፤ የልጆቼ እንጀራ ነበር። ግን ለእኛ አገር ሰው ራስ መኮንን የዓድዋው ብቻ አይደሉም። ጨለንቆ ላይ ሰው ካለቀ በኋላ ገዥ ሆነው የመጡ ናቸው። አያቴ ስለዚያ ነገር ሲያወሩ ያለቅሱ ነበር። ይህን ስናገር ለምን ሱቅ አቃጣይ እባላለሁ?» አለች።

ውድ አንባቢያን፣ ሁለቱም የተናገሩት በታሪክ የታወቀ ነው። ራስ መኮንን በአምባላጌ፣ በመቀሌና በዓድዋ የተዋጉ የጦር መሪ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን በ1879 ዓ.ም. የአሚር አብዱላሂ ጦር በጨለንቆ በምኒልክ ጦር ከተሸነፈ በኋላ የሐረር ገዥ ሆነው የተሾሙት እርሳቸው ነበሩ። በሐረር ጀጎል ውስጥ ፈረስ መጋላ በተባለው አደባባይ፣ ቀድሞ መስጊድ በነበረበት ሥፍራ የተሠራ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ። በዚያው አደባባይ ለጨለንቆ ሰማዕታት የቆመ መታሰቢያ ይገኛል። እንግዲህ በአንዲት ከተማ ውስጥ አንዱ መታሰቢያ ለገዥው፣ ሌላው ለተገዢው ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ባልየው ድምፁን ከፍ አደረገ። ሚስቱ እንባዋ መጣ። የሰባት ዓመት ልጃቸው ከአያቱ ጉልበት ሥር ሆኖ፣ «አባባ፣ ማንኛቸው ናቸው ልክ?» ሲል ጠየቀ።

ሐጂ ለልጁ ወዲያው አልመለሱለትም። ወደ ልጃቸው ዞረው እንዲህ አሉት፦

«ዓድዋ የሄዱት የእኔ አያት ናቸው፤ ስለዚህ ልናገር። ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ጋር በበቅሎ ስንቅ ጭነው ሄዱ። በሕይወት ተመለሱ። ሲመለሱ ግን ርስት የላቸውም። እስላም በዚያን ዘመን በዚህ አገር ርስት አይቆጠርለትም ነበር። አባቴም ሸማ እየሠሩ፣ መሬት ሳይኖራቸው ሞቱ። እኔ መሬት የሚባል ነገር ያገኘሁት በ1967 አዋጁ ሲወጣ ነው። እስቲ ንገረኝ፣ በየሐውልቱ ላይ ፈረሱን አየሁት፤ የአያቴ በቅሎ የታለች?»

ሳቅን። ልጃቸውም ሳይወድ ሳቀ። እኛ ግን ነገሩን አሰብንበት። ሐጂ ሐውልቱ ይውደቅ አላሉም። በዓድዋም ይኮራሉ። ነገር ግን በኩራታቸው ውስጥ የቀረባቸውን አልረሱም። የምራታቸውን ሐዘን ለመስማት የቻሉት የራሳቸውን ስላልካዱ ይመስለናል።

ምርጫና ሐውልት ለምን ይገናኛሉ?

ከደብረ ኤልያስ ከተመለስን በኋላ ነገሩን ስናገላብጠው፣ በምርጫ ሰሞን በሐውልት ዙሪያ መጋጨት የእኛ አገር ሰው ብቻ ጠባይ አለመሆኑን ተረዳን።

በሕንድ አገር እ.ኤ.አ. በ2019 አጠቃላይ ምርጫ ሲካሄድ፣ ግንቦት 14 ቀን በኮልካታ ከተማ የአንድ ፓርቲ የምረጡኝ ሰልፍ በአንድ ኮሌጅ አጠገብ ሲያልፍ ግጭት ተነሣ። በግጭቱ መካከል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ የኢሽዋር ቻንድራ ቪድያሳጋር ምስል ተሰባበረ። ቪድያሳጋር ባላቸው የሞተባቸው ሴቶች እንደገና እንዲያገቡ፣ ሴት ልጆችም እንዲማሩ የታገለ ሰው ነበር። ሁለቱ ተፎካካሪ ፓርቲዎች አንዱ ሌላውን ከሰሰ። የምርጫ ኮሚሽኑ በዚያ ክፍለ ሀገር የቅስቀሳውን ጊዜ አሳጠረ። በሚቀጥለው ወር አዲስ ምስል ቆመ። ሰውየው ሕይወቱን ለመጽሐፍና ለትምህርት ሰጥቶ ሳለ በመጨረሻ የድምፅ መሻሚያ ሆነ።

በኢስቶኒያ ደግሞ በዋና ከተማዋ ታሊን መካከል ቆሞ የነበረው የሶቪየት ወታደር ሐውልት በእ.ኤ.አ. 2007 የመጋቢት ምርጫ ትልቅ መከራከሪያ ነበር። ለሩሲያኛ ተናጋሪው ናዚን ያሸነፈ አባቱ ነው፤ ለኢስቶኒያዊው አገሩን የያዘበት ጦር ነው። ምርጫው አልፎ በሚያዝያ ሐውልቱ ሊነሣ ሲል ሁለት ሌሊት ረብሻ ሆነ፤ ሰውም ሞተ። ሐውልቱ ግን አልፈረሰም፤ ወደ ወታደሮች መካነ መቃብር ተወስዶ ቆመ።

በእኛም አገር ሥልጣን በተናጋ ቁጥር ሐውልት ተነቅሏል ወይም ተተክሏል። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀውን የምኒልክ ሐውልት ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ሲይዝ ነቀለው። አገር ነጻ ሲወጣ ከቦታው ተመለሰ። ደርግ ያቆመው የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ወደቀ። በ2006 ዓ.ም. በአርሲ ሔጦሳ ወረዳ የአኖሌ መታሰቢያ ሲመረቅ ለአንዱ የተረሳ እንባ መታበስ፣ ለሌላው የቂም መዝራት መስሎ ታየ።

ምክንያቱ ምንድን ነው ብንል ሦስት ነገሮች ይታዩናል። አንደኛ፣ ሐውልት በጀት አይፈልግም። ትምህርት ቤት ልሠራ ያለ ዕጩ ኋላ «የታለ?» ይባላል። «ሐውልታችሁን አስከብራለሁ» ወይም «አስነሣለሁ» ያለ ግን ያንኑ ቀን ጭብጨባ ያገኛል። ሁለተኛ፣ አደባባይ የሁሉም ነው፤ በአደባባዩ ላይ ያለው ሰው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ሐውልቱን የያዘ አገሩን የያዘ ይመስለዋል። ሦስተኛ፣ ሐውልት አንድን ሰው በአንድ ቀን ብቻ ያሳያል። የእምባቦውን ምኒልክና የዓድዋውን ምኒልክ በአንድ ፈረስ ላይ ማሳየት አይቻልም። የተማረኩት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግን ሁለቱንም ያውቁ ነበር፤ እያወቁም ዓድዋ ዘመቱ።

ሐጂ የወሰኑት

በማግስቱ ጧት ከፈጅር በኋላ ሐጂ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ምርጫው ሲያልፍ ይህችን ልጅ እናቷ ዘንድ ውሰዳት» አሉት። ልጃቸው እንቢ አለ። የተቃጠለ ሱቅ ፊት መቆም እንደማይችል ተናገረ። አልተቆጡትም። «እንግዲያው እኔ እወስዳታለሁ። አንተን በቤቱ የደበቀህን ሰው ማመስገን የአባት ዕዳ ነው፤ እስካሁን አልከፈልኩትም» አሉ።

እውነት ነው፤ በዚያች ቀን ልጃቸውን ከነቤተሰቡ ሦስት ሌሊት ደብቆ ያተረፈው ከሱቁ ጎን የሚኖር የኦሮሞ ጎረቤቱ ነበር። ልጁ ይህን አልካደም፤ ግን ሲያወራ ሱቁን ያስቀድማል። አባትየው ጎረቤቱን ያስቀድማሉ።

ምርጫው ሰኔ 14 ቀን 2013 ተካሄደ። በሐምሌ ወር ሐጂ ምራታቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ተጓዙ። የሆነውን በስልክ ነገሩን። ምራታቸው እናቷን አቅፋ ለረዥም ጊዜ አልለቀቀቻትም። ጎረቤትየው ሐጂ ያመጡለትን ነጭ ማርና ጋቢ በብዙ ልመና ተቀበለ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ ጠርዙ የተቃጠለ ደብተር ይዞ ወጣ። የልጃቸው የዱቤ ደብተር ነበር። እሳቱ ሳይበላው አውጥቶት ኖሯል። ዓመቱን ሙሉ ባለዕዳዎች እየመጡ ከፍለዋል፤ የተከፈለውም በስም በስሙ ተጽፎ በጨርቅ ተቋጥሯል። ያልከፈሉም አሉ፤ ስማቸው ሳይሰረዝ ተቀምጧል።

ልጃቸው ደብተሩን ሲያይ ምን አለ ብለን ጠየቅናቸው። «ምንም አላለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጠው አደረ» አሉን።

ከዚያ ወዲህ

ያ ጉዞ ከተደረገ በኋላ ብዙ ነገር ሆኗል። የካቲት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓድዋ በዓል ይፋዊ ዝግጅት በመስቀል አደባባይ ሲከበር፣ በምኒልክ አደባባይ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ ጭሱ የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሳይቀር ደረሰ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። አባቶች አንድ ላይ የሞቱለት ቀን ልጆች የሚገፋፉበት ቀን ሆነ። በየካቲት 2016 የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመርቋል። ትልቅ ሕንጻ ነው። የሐጂን አያት በቅሎ የመሰሉ ስም የለሾች ሁሉ በአገሩ ትውስታ ውስጥ ቦታ እንዲያገኙ እንመኛለን።

ደብረ ኤልያስም ሰላሟን አጥታለች። በግንቦት 2015 በወረዳዋ በሚገኘው የሥላሴ ገዳም ዙሪያ በመንግሥት ኃይሎችና በታጠቁ ሰዎች መካከል ውጊያ ተደርጎ ሰው አልቋል። በዚያው ክረምት ጦርነቱ አማራ ክልልን አዳረሰ። እንጀራ ሲለምን ያየነው የቆሎ ተማሪ ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም። እኛም ወደዚያ ቤት ተመልሰን አልሄድንም። በስልክ ግን እንጠያየቃለን።

የልጁን ጥያቄ ሐጂ በመጨረሻ እንዴት እንደመለሱለት ጠይቀናቸው ነበር። «ሁለቱም ልክ ናቸው አልኩት። ልጅ አይደል? ‹ታዲያ ለምን ይጣላሉ?› አለኝ። እሱን አንተ ስታድግ ትነግረኛለህ አልኩት» አሉን።

ውድ አንባቢያን፣ በየቤታችን እንዲህ ያለ ማዕድ አለ። ምርጫ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሐውልት ይቆማል፣ ይወድቃል። የተቃጠለውን የጎረቤት ደብተር ከእሳት አውጥቶ ማስቀመጥ ግን በማንም ካርድ የሚመረጥ አይደለም፤ እያንዳንዳችን በየደጃፋችን የምንሠራው ነው። አላህ ለአገራችን ሰላምን ያውርድልን። አሚን።